ሦስቱ አልተላጡም

ሥራውን መሥሪያ ቤት ትቶ መምጣት የማያውቅ ሰው በየቤተሰቡ አንድ አይጠፋም። የአንዲት ልብስ ሰፊ አክስት ግን ከሁሉም ይብሱ ነበር። እኚህ ክብርት የጥርስ ሐኪም የሰው መልክ ይጠፋባቸዋል፤ መንጋጋ ግን አይረሱም። ሰላምታቸውም "እስቲ ክፈቺ!" ነው።

በደህናው ጊዜ በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ፣ የልጆች መንጋጋ ጥርስ እንዳይበላ ጎድጓዳውን በቀጭን ሽፋን ይደፍኑ ነበር። አለቃቸው "ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይላጣል፤ ትርፉ ድካም ነው" አሏቸው። ቃሉ ውስጣቸው ገባ። ከዚያ ወዲህ የደፈኑላቸውን ልጆች ማሳደድ ሆነ ኑሯቸው፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ገበያ መሀል፣ ባትሪ እያበሩ። አንዱን ትራፊክ ፖሊስ መኪና እያስተናገደ ሳለ አፉን አስከፍተውታል።

ልብስ ሰፊዋ አራት መንጋጋዎቿ በአክስቷ እጅ የተደፈኑላት በሰባት ዓመቷ ነው። በአባቷ ቀብር ዕለት እንኳ ለለቅሶ አፏን ስትከፍት፣ አክስቷ ጎንበስ ብለው "አራቱም አሉ!" አሉ። ቀባሪው ሁሉ ዞሮ አየ። በሠርጓ ዕለት ሲደግሙት ግን መረራት።

"ሁለተኛ ደጅዎን አልረግጥም!"

እውነትም ሁለት ዓመት አልረገጠችም።

ታመሙ ሲሏት ጊዜ ሄደች። ከአልጋ ከወደቁ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል።

"ደህና ነሽ ልጄ?" ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ስለ ጥርሷ ምንም አላሉም። እሷን ያስደነገጣት ይኸው ነው።

"አክስቴ፣ አያዩኝም እንዴ?"

"በምን ዓይኔ? ጥላሽ ብቻ ነው የሚታየኝ። ያ ሁሉ ልፋቴ ይኑር ይጥፋ፣ እንግዲህ ማን ይነግረኛል?"

ተነስታ መስታወቱ ፊት ቆመች፤ የስልኳን መብራት አፏ ውስጥ አበራች።

"የታችኞቹ ሁለቱም አሉ። ከላይ የግራውም አለ።"

"የቀኙስ?"

የቀኙ ተልጧል። ጎድጓዳው ውስጥ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። "እሱም አለ" ልትል ቃጣት። ግን እኚህ ሴት በሰው ጥርስ ዋሽተው አያውቁም።

"ተልጧል፣ አክስቴ። ጥቁር ነገርም አለበት።"

ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማች። ዞር ስትል አክስቷ ቁጭ ብለው፣ በእግራቸው ጫማ ይፈልጋሉ።

"ምን ትጠብቂያለሽ? ሳይሰፋ ነው መያዝ! ሃያ ዓመት ሙሉ ሦስቱ ቆሙ? ሃያ ዓመት!"

ክንዳቸውን ይዛ ክሊኒክ ወሰደቻቸው፤ እሳቸው ግን እኔ ነኝ የወሰድኳት ይላሉ። የክሊኒኩ ወጣት ሐኪም የልብስ ሰፊዋን አፍ ጎንበስ ብላ ስታይ ቆየችና "እነዚህን ማን ነው የሠራልሽ? እጁ ይባረክ" አለች።

ልብስ ሰፊዋ አፏ በመሣሪያ ተሞልቶ መናገር አልቻለችም። አጠገቧ ወንበር ላይ ወደተቀመጡት አሮጊት በጣቷ አመለከተች። እሳቸው ጣቷን አላዩም። ይሄኔ እጃቸውን ፈልጋ ያዘች፤ ሥራው እስኪያልቅም አልለቀቀችም።