በቦሎቄ የተጠናሁበት ቀን

ሰው የሆዱን የሚያወጣው ሲጠየቅ ይመስላችኋል? ሲጠየቅማ ጭራሽ ይቆልፋል። በተለይ ልጁ አጠገቡ ቆሞ፣ ግማሹ ምእመን እያየው ከሆነ ምኑን አወጣው? ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም። እኔ ፊደል የቆጠርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ ያህል ነው፤ ግን አውቀዋለሁ።

ሩት አላወቀችም። ሩት የአንዱ ዘማሪያችን ልጅ ናት፤ እዚሁ አትላንታ ያደገች፣ ለማስተርሷ አረጋውያንን የምታጠና። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እኛን አሮጊቶቹን አዳራሽ ሰበሰበችና ጥናቱ “አሳታፊ” መሆኑን ነገረችን። አስተማሪዎቹ እኛ፣ ተማሪዋ እሷ። ታዲያ ዲግሪውን ለማን ሊሰጡት ነው ብዬ ጠየቅኳት፤ ሳቀችና ወደ ጠረጴዛው ጠራችን።

ማንበብ ለማይችል ሰው ተብሎ ችግሮቻችን በሥዕል ተሥለው ጠረጴዛ ላይ ተደርድረዋል፦ አውቶቡስ፣ ሐኪም ቤት፣ እንግሊዝኛ፣ መጨረሻ ላይ ብቻዋን የተቀመጠች ሴትዮ። ከዚያ እፍኝ እፍኝ ቦሎቄ ታደለን። በጣም ያስቸገራችሁ ላይ ብዙ አድርጉ ተባልን። ወጥ የሚወጣውን እህል!

ያቺን ሴትዮ ጠጋ ብዬ አየኋት። ቁርጥ እኔን ናት፣ ሻሿ ሳይቀር። ስኮትዴል ሰፈር ባለው አፓርታማችን ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ የማወራው ከቴሌቪዥኑ ጋር ነው፤ እሱም በማላውቀው ቋንቋ። ልጄ ዳንኤል ቤት የሚውለው ቅዳሜ ብቻ ነው፤ እሑድም ከአምልኮ መልሶኝ ሥራ ይገባል። ያችኑ ቅዳሜ ደግሞ ኦቨርታይም ግባ ብለውት፣ ልግባ አልግባ እያለ ሲያመነታ ሰንብቷል። ቦሎቄዬን ሴትዮዋ ላይ ባፈስ ቅዳሜዬ ትተርፋለች። ግን ዳንኤል ከኋላዬ ቆሟል፤ በመኪና የሚመልሰኝ እሱ ነዋ። እናቱን ጥሎ የሚውል ተብሎ በሰው ፊት ይፈር?

ሩት “እማማ አስካለ፣ ዩ ኖው፣ ፍሪ ሁኚ፤ ራይት ወይም ሮንግ የለውም” አለችኝ። አንቺ ማለቷን ይቅር አልኩ፤ እዚህ ነው ያደገችው። ፍሪ ሁኚ ማለቷን ግን ይቅር አልልም።

ከእኔ በፊት ወይዘሮ ብርቄ፣ እዚሁ አቅራቢያ ማሪዬታ ከተማ ያለችው ልጃቸው መጣሁ መጣሁ እያለች የምትከርምባቸው፣ ሁሉንም አውቶቡስ ላይ ዘረገፉ። እሳቸው አውቶቡስ ተሳፍረው አያውቁም። ከእሳቸው ላንስ ነው? እኔም አውቶቡስ ላይ። ከእኔ በኋላ ያሉትም እንዲሁ። አውቶቡሱ በቦሎቄ ተቀበረ፤ ሴትዮዋ ላይ አንዲት ፍሬ አልወደቀችም።

ሩት ፎቶ አነሳች። ውጤቱንም በኩራት አስረዳች፦ የሐበሻ አረጋውያን በቤተሰብ ተከበው ስለሚኖሩ ብቸኝነት የሚባል ችግር የለባቸውም። ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ?

ስንመለስ ዳንኤል መሪውን እንደያዘ “እማዬ፣ እኔ እኮ ብቻዋን እየዋለች ይከፋት ይሆን እያልኩ ስጨነቅ ነበር” አለኝ። ሸክም የወረደለት ሰው ድምፅ ነበር። “ሩትን ጌታ ይባርካት። በቃ፣ ቅዳሜንም እገባለሁ።”

ጎሽ አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜም ቤቱ ጭር እንዳለ ይውላል። አንዳንዴ እንባዬ ሊመጣ ሲል ራሴን እቆጣለሁ። የተማረ ሰው አጥንቶ ያረጋገጠውን፣ እኔ ማን ሆኜ ነው የምክደው?