ሰባተኛዋ በግ

በእኛ አገር ሰው መርዳት ቀላል ነው። ሰው የሚረዱትን ሰዎች እንርዳ ያላችሁ ዕለት ግን ጉዳችሁ ፈላ። የታመመ ጠይቁ፣ ለቅሶ ድረሱ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት እርሻዋን እረሱላት ብትሉ ደብረ ታቦር ላይ እምቢ የሚል አታገኙም፤ እምቢ ቢል እንኳ ከማግስቱ ጀምሮ "እንዴት አደርህ" የሚለው አይኖርም። "ለእነዚህ ደጋጎች የሚሆን የማይነጥፍ ጥሪት እናስቀምጥ" በሉ እስኪ። መጀመሪያ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ከዚያ "ሰብሳቢው ማን ሊሆን ነው?" ይላሉ።

እኔ ወፍጮ ቤት ያለኝ ሴት ነኝ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥሁም፤ ፊደል የለየሁት ስኳር ተጠቅልሎበት ከሚመጣ ጋዜጣ ነው። ስለዚህ የብዙ ወሬ መጀመሪያውን እንጂ መጨረሻውን አላውቅም፤ ቀሪው የሌላ ሰው ስኳር ይዞ ሄዷል። መጽሐፍ የመጣው ኋላ ነው፤ እሱንም ቢሆን ከእህል ወረፋ መሀል ጊዜ እየሰረቅሁ ነው የማነበው። ግን ወፍጮ ቤት ያለው ሰው ምን ጋዜጣ ያስፈልገዋል? ወረፋ የያዘ ሰው ያወራል። ገብሱም ወሬውም እኔው ዘንድ ይፈጫል።

በወረፋው ከሚነሱት ሁሉ ከልቤ የማይወጡት አያ ሙጨ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መኪና የማይደርስበት የጉና ተራራ ግርጌ አለ። እዚያ ሰው ሲታመም አያ ሙጨና ጓደኞቻቸው በቃሬዛ ተሸክመው እስከ አስፋልቱ ያደርሳሉ። የሚከፍላቸው የለም፤ ልክፈል ያለም ቢኖር ሲቆጡ ማየት ነው። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ምጥ ላይ ሆና ሲያወርዷት የቃሬዛው እንጨት ከቁልቁለቱ መሀል ቀሽ አለ። አያ ሙጨ አዘሏት። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጭቃ! ሌሎቹም እየተቀባበሉ አደረሷት። የዚያን ቀን የተወለደው ልጅ ዛሬ ወፍጮ ቤቴ ውስጥ ዱቄት ተለቅልቆ ይድሃል። ቃሬዛው ግን እንደተሰበረ፣ በጠፍር ተጠፍንጎ እስካሁን ሰው ይሸከማል። ክረምቱ ደግሞ መምጣቱ ነው። እኔ ይህን እያየሁ እንቅልፍ እንዴት ይወስደኛል?

ለአንድ ቃሬዛማ ለምኜ አሟላለሁ። ግን ከእነሱ ቀጥሎ የአልጋ ቁራኛ የሚያጥቡት ሴቶች አሉ፤ ከእነሱ ቀጥሎ ምንጭ የሚጠርጉት አሉ። በየዓመቱ ለሁሉም እየለመንሁ ከዞርሁ ሰው እኔን ባየ ቁጥር መንገድ ሊቀይር ነው።

መፍትሔውን ያመጣው መምህር ገመቹ ነው። ከወለጋ መጥቶ ዩኒቨርሲቲያችን ያስተምራል፤ ጤፉን ራሱ ተሸክሞ ስለሚያስፈጭ ሴቶቹ "ሚስት ያጣ ምሁር" ይሉታል። አንድ ቀን ወረፋ ይዞ ሳለ "የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን" ስለሚባል ነገር አጫወተኝ። የአገሩ ሰው ያዋጣል፤ የተዋጣው ዋናው አይነካም፤ ዋናው የሚያፈራው ብቻ በየዓመቱ እንዲህ በነጻ ለሚደክሙ ማኅበራት ይሰጣል። ልቤ ዘለለች። እህል መጨመር ረስቼ ባዶውን ወፍጮ ድንጋይ ከድንጋይ ሳፋጭ ሰው ጮኾ ነው ያስቆመኝ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወፍጮ ቤቴን ጠርጌ ሰው ጠራሁ። መምህር ገመቹ አስረዳ። ሁሉ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ መሪጌታ ልሳኑ፣ አገር የሚፈራቸው ሰው፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው "ይህ ዋናው የሚያፈራው ያልኸው ከየት ነው የሚበቅል?" ሲሉ ጠየቁት። ልጁ የዋህ ነው፤ ባንክ ተቀምጦ ከሚወልደው አላቸው። መሪጌታ "አራጣ" አሉ። አንዲት ቃል ብቻ። ቤቱ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ጫማውን መፈለግ ጀመረ። ክረምቱ፣ ቃሬዛው፣ ሁሉም በአንዲት ቃል ከደጅ ሊወጣብኝ ነው።

"መሪጌታ፣ በግ ብትወልድስ ኃጢአት ነው?" አልሁ።

አሰቡበት። እኒህ ሰው አስበው ካልሆነ አያስነጥሱም። "በግስ ትውለድ" አሉ በመጨረሻ።

ርቢ የማያውቅ የእኛ አገር የፋርጣ ሰው የለም። በግህን ለሌላ ሰው ትሰጣለህ፣ እሱ ያረባልሃል፣ ግልገሉን ትካፈላላችሁ፤ እናቲቱ ያንተው ናት። አያቶቻችን ፋውንዴሽን ሲሠሩበት የኖሩት እንዲህ ነው፤ ፈቃድ አውጡ የሚላቸው ስለሌለ ስሙን ሳያውቁት ሞቱ። በዚያው ሰዓት ሰባት እናት በጎች ተሰጡ። አንዷን የሰጡት አያ ሙጨ ራሳቸው ናቸው። ሰባቱንም ያለ ግልገል ድርሻ ለማርባት ወሰዱ።

ደንቡን የጻፍሁት እኔ ነኝ። አንቀጽ ሦስት እንዲህ ይላል፤ "እናቲቱ በምንም ምክንያት አትታረድም።" "በምንም ምክንያት" የምትለዋን የጨመርሁ ዕለት በደስታ ራት አልበላሁም። ሕግ ማለት በር ሁሉ ሲዘጋ ነው ብዬ። በሩን ዘግቼ ጓሮውን እንደረሳሁት ያወቅሁት ኋላ ነው።

ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አንድ ባለ ቦርሳ ላከብን። ጎልማሳ ነው፤ ቦርሳውን ሲተኛም የሚያወልቅ አይመስልም። ጥሪቱን በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም አለ። ይዤው ከመምህር ገመቹ ጋር ወደ አያ ሙጨ ወጣሁ። ሳልነግራቸው! ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው፣ የእኔ ነው። በዓለ ሃምሳ ነበርና "ጾም ነው" ብሎ ማምለጫ እንኳ የለም። ሰውየው የመንግሥት እንግዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ደጃፋቸውን የረገጠ፣ ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ሽሮ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

አያ ሙጨ "እንኳን ደህና መጣችሁ" ብለው ወጡ፤ ባለቤታቸው ጠላ ቀዱ። እኔ ደንቡን እያሰማሁ ቆየሁ። አንቀጽ ሦስት ላይ ስደርስ የጥብስ ሽታ ገባ። ከጎረቤት ነው ብዬ ንባቤን ቀጠልሁ። ጥብሱ ተከትሎ ሲመጣ እንግዳው በላ፤ በደንብ በላ። እኔም በላሁ፣ ምን አባቴ እዋሻለሁ። ከዚያ እጁን ታጠበና "እንግዲህ በጎቹን እንያቸው" አለ።

ጓሮ ዞርን። ባለ ቦርሳው ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። "ሰባተኛዋስ?"

አያ ሙጨ ኮፍያቸውን አወለቁ። "ጌታው፣ ስድስቱ አርግዘዋል፤ ደግሞም የሰው አደራ ናቸው። ያቺ ግን ገና አልያዘችም፣ የሰጠኋትም እኔ ነበርሁ።"

"ሰጥተዋታል እኮ፣ አያ ሙጨ" አልሁ።

"ሰጥቻታለሁ። ሌላ በግ የለኝም። ታዲያ እንግዳው ምን ይብላ፣ እቴ?"

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን አንቀጽ ደንቡ ውስጥ ፈለግሁ። የለም። ባለ ቦርሳው በበኩሉ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ፣ ደንቡ ሰባት ስለሚል፣ እሱ ደግሞ ያየው ስድስት ስለሆነ ፈቃድ አልሰጥም ብሎ ቦርሳውን ዘጋ። ሰባተኛዋን ከሁላችንም ይልቅ ቀርቦ ያያት እሱ መሆኑን ነገርሁት። መምህር ገመቹ ቀሚሴን ጎተተኝ።

በእሑዱ አያ ሙጨ ቆዳውን ይዘው መጡ። የርቢ ሥርዓት ነው፤ የሰው በግ እጅህ ላይ ስታልቅ ቆዳዋን ለባለቤቱ ታሳያለህ። መሪጌታ ፊት ዘርግተውት አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ከመሀል "ሌላ አርቢ እንፈልግ" ያለ ነበር፤ ስሙን ብጽፈው ደስ ባለኝ፣ ግን አሁንም እኔ ዘንድ ነው የሚያስፈጨው። የአያ ሙጨ ጆሮ ሲቀላ አየሁ። ሰው ተሸክሞ የማያውቅ ሁሉ ተሸካሚውን ሲመዝን እንዴት ያንገበግባል!

መሪጌታ ቆዳውን በመቋሚያቸው ነካ ነካ አደረጉት። "ሰውየው ያለውን አንድ ሰጠ። የሰጠውን ደግሞ ለእንግዳችን አረደ። ሁለት ጊዜ የሰጠ እሱ ብቻ ነው" አሉና ፈረዱ፤ የበላ ይተካል።

ማን በላ? እኔ፣ መምህር ገመቹ፣ የአያ ሙጨ ቤት፣ ባለ ቦርሳው። ለባለ ቦርሳው ፍርዱን የሚያደርስ ሰው ሲጠፋ እኔ ጻፍሁለት። ደብዳቤዬ አጭርና ትሑት ነበር፤ ከታች የጥብሱን ድርሻ አስታወስሁ እንጂ ሌላ ክፉ ቃል የለውም። ከዚያ አንድ ረፋድ ከሐሙሲት ገበያ በመጣ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አንዲት እናት በግ እግሯን ታስራ ደረሰች። ብቻውን ነው የተካት፣ ሙሉዋን። አያችሁ፣ ከቦርሳው ሥር ሰው ነበር።

ሁለተኛ ሊቆጥር የመጣው በሰኔ ጾም ነው። ቀኑን የመረጥሁት እኔ ነኝ። ሽሮውን በላ፣ ሰባቱን ቆጠረ፣ ፈረመ። እልል ስል በጎቹ ደነበሩ።

ክረምቱ ግን ግልገል እስኪያድግ አይጠብቅም። ተሸካሚዎቹ አዲስ የባሕር ዛፍ ቆረጡ፣ በአዲስ ጠፍር ጠለፉት። ያቺም ቆዳ ለፍታ አጎዛ ሆነችና፣ የፋውንዴሽናችን የመጀመሪያ ስጦታ ተብላ በቃለ ጉባኤ ሰፍራ፣ ቃሬዛው ላይ ተነጠፈች።

በሐምሌ ባለ ቦርሳው ለክትትል መጣ። ይህን ሰው ሥራ ወዳድ አይደለም የሚል ይዋሻል። ከአያ ሙጨ ቤት ዝቅ ብሎ ያለው ጭቃ አንሸራተተውና ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። ጩኸቱ ጉና ጫፍ ድረስ ተሰማ። አራት ተሸካሚዎች ወዲያው ቃሬዛውን ይዘው ደረሱ፤ አያ ሙጨ ከፊት ገቡ። እኔ ጥላ ዘርግቼለት ከጎን እሮጣለሁ፤ ቦርሳውን ደረቱ ላይ አቅፎታል። ቁልቁለቱን አጋመስን፤ አምና እንጨቱ የተሰበረበትን ቦታ ትንፋሼን ይዤ አለፍሁት። ቀሽ ያለ ነገር የለም። አስፋልቱ ብቅ ሲል ሰውየው ማቃሰቱን ተወና እጁን ወደ ታች ሰዶ ከሥሩ የተነጠፈውን ጸጉር ዳበሰ።

"እንዴት ይመቻል" አለ። "ይህን አጎዛ ከየት አመጣችሁት?"

አያ ሙጨ ዞር እንኳ አላሉም።

"ጌታው፣ ትተዋወቃላችሁ እኮ።"