ሳይበራ ያበራው የእጅ ባትሪ

ሕዝብ በጨለማ እንዳይታለል እንቅልፍ የሚያጣ አካል ቢኖር የብርሃን አረጋጋጭ ኮሚቴው ነው። ለጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ሃያ የእጅ ባትሪ ይገዛ በተባለ ጊዜ፣ «ነጋዴ ሁሉ ካርቶኑ ላይ ሺህ ሉመን ብሎ የሚጽፈው ብርሃን እውነት ነው ወይ?» ብሎ የተነሣው እሱ ነው። ግሩም ጥያቄ ነው። አዋላጇ ሲስተርም ደስ አላት። መብራት በሄደ ቁጥር ስልኳን በጥርሷ ነክሳ እትብት ስትቆርጥ፣ «ዛሬስ ጉድ ሊፈላ ነው» እያለች ሁለት ዓመት ገፍታለች።

ልኬታው በጠራራ ፀሐይ፣ መስኮቱ ወለል ብሎ በተከፈተ አዳራሽ፣ የጣሪያው አምፖሎች በሙሉ በርተው ተጀመረ። ሲስተር መጋረጃው ቢዘጋስ ብላ ጠየቀች። የኮሚቴው የልኬታ ባለሙያ በትሕትና አስረዳት። ድሮ በጨለማ ሲለካ አንድ የኮሚቴ አባል ወንበር አደናቅፎት ጥርሱ ተሸርፏል፤ ከዚያ ወዲህ ጨለማ ውስጥ መሥራት በመመሪያ ተከልክሏል።

ከተወዳደሩት ሦስት ነጋዴዎች የመጀመሪያው ባትሪ መለኪያው ፊት ቀረበ፤ ቁጥሩ ከተጻፈውም በለጠ። ሁለተኛው ያንኑ ቁጥር አመጣ። ሦስተኛውም ያንኑ። ኮሚቴው የነጋዴዎቹን ታማኝነት በጭብጨባ አመሰገነ።

«ጋሼ፣» አለች ሲስተር ሰብሳቢውን፣ «ሦስተኛው እኮ አልበራም። ድንጋይም አልገባበትም።»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰው አጠለቁ።

«ሳይበራ ይህን ያህል ካበራ፣ ሲበራማ አስቢው።»

ድንጋይ ባለመብላቱም ጭምር ሦስተኛው በሙሉ ድምፅ አሸነፈ። ሲስተር ግን ልቧ አላመነም። ድንጋይ ከትታበት መጥረጊያ ከሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ገባችና በሩን ዘጋች። አብርታውም የገዛ ጣቶቿን መቁጠር አቃታት። ወጥታ ይህንኑ ብትናገር፣ የመጥረጊያ ክፍል እውቅና ያለው ላቦራቶሪ አለመሆኑ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ፤ እሷም ዓይኗን እንድትታይ ተመከረች።

ከምሳ በኋላ ሃያዎቹ ባትሪዎች ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፎባቸው ቀረቡላት። ሰብሳቢው ጨለማ ከእንግዲህ መግቢያ ቀዳዳ እንደሌለው የሚገልጽ አጭር ንግግር አደረጉ፤ አጭሩ ንግግር ግማሽ ሰዓት ወሰደ። እሷ ፈርማ ስትጨርስ ስልኳ ጠራ። ከማዋለጃ ክፍሉ ነበር። አዳምጣ ዘጋችና ወደ ሰብሳቢው ዞረች።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ምጥ ይዟት እኛ ጋ ገብታለች። ክፍላችን ዛሬም መብራት ሄዶበታል፤ ማምሻውን ነው የምትገላገለው። ግን አያስቡ፣ በእነዚህ እናዋልዳታለን።»

ሰብሳቢው ካርቶኑን አዩ። ኮሚቴውን አዩ። ሲስተርን በክንዷ ይዘው ወደ ኮሪደሩ አወጧት፤ በሩን ገርበብ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሲስተር፣ ኮሚቴያችን ያላየው ባትሪ የት ነው የሚሸጠው?»