የጋሽ ሰውአገኝ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ወዳጆች

በየሰፈሩ ሌላውን ካልቀሰቀሰ ቀኑ የማይነጋለት አንድ ሰው አይጠፋም። ድሮ ይህን ሥራ የሚሠራው አውራ ዶሮ ነበር፤ በእኛ በላሊበላ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ያግዘዋል። ዛሬ ሥራውን ጠቅልሎ የወሰደው ስልክ የያዘ ጡረተኛ ነው። እናንተም አንዱን ታውቃላችሁ። ጎህ ሳይቀድ ጤዛ ያረፈበት ጽጌረዳ ይልክላችኋል። ከጽጌረዳው ሥር «ለተሰጠህ ቀን አመስግን» የሚል ጽሑፍ አለ። እናንተም ታመሰግናላችሁ፤ ተመልሶ እንቅልፍ ከወሰዳችሁ።

የእኛ ሰፈር ባለሥልጣን ክቡር ጋሽ ሰውአገኝ ይባላሉ። የግብርና ባለሙያ ሆነው ሠላሳ ዓመት የላስታን ቀበሌዎች በእግራቸው ሲያካልሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ያን ጊዜ ልጃቸው ዘመናዊ ስልክ ገዝቶ ሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግራቸው ዐረፈ፤ አውራ ጣታቸው ሥራ ጀመረ። በስልካቸው ውስጥ በየጠዋቱ መልእክት የሚደርሳቸው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ እኔ ነኝ። ቤታችንን የሚለየው አንድ የቅንጭብ አጥር ነው።

የመላኪያ ሥርዓታቸውን በአጥሩ ላይ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ጋቢያቸውን ደርበው ደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ፊት ለፊታቸው የአሸተን ተራራ ነው። ፀሐይ ከተራራው ጀርባ ብቅ ስትል ብርሃኗ ስልኩ ላይ እያረፈ አላሳይ ይላቸዋል፤ ስለዚህ ይነሡና ዞረው፣ ጀርባቸውን ለተራራው ሰጥተው ይቀመጣሉ። ከዚያም የፀሐይ መውጫ ፎቶ ይልካሉ። የየት አገር ፀሐይ እንደሆነች እንጃ፤ የምትወጣው ከባሕር ነው፣ ዳር ዳሩን ዘንባባ አለ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የላስታ ገበሬ ሁሉ በእሳቸው ቸርነት ባሕር ጠግቧል።

ባለቤታቸው እትዬ ባንችይርጋ ዕድለኛ ናቸው። የእሳቸው ስልክ ባለቁልፍ ናት፤ አበባ አትቀበልም። አንድ ጠዋት ቁርስ ቀርቦ ጋሽ ሰውአገኝ እንዳቀረቀሩ አልሰማ ቢሉ፣ «እኔንም ከዝርዝሩ አስገባኝና ‹ና ብላ› ብዬ ልጻፍልህ» አሏቸው።

«ትንሽ ታገሺኝ፤ መቶ አርባ ላይ ደርሻለሁ» ብለው መለሱ።

ባለፈው ዓመት ለንግሥ አሸተን ማርያም አብረን ወጣን። እኔ ዳገቱ ትንፋሼን ወስዶት ከአንድ ድንጋይ ላይ ተዘርግቻለሁ። እሳቸው ከገደሉ አፋፍ ቆመው ስልካቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። ከበታቻቸው ከተማው፣ ከከተማው በታች ሸለቆው፣ ከሸለቆው ማዶ ደግሞ ተራራ በተራራ ላይ ተደርድሯል፤ እሳቸው የሚያዩት ግን የስልኩን ጫፍ ነው። አንድ አረጋዊ መነኩሴ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ምን ጠፍቶህ ነው?» አሏቸው።

«ኔትወርክ ነው አባቴ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ይጠብቀኛል።»

መነኩሴው ገደሉን አዩ፤ ከዚያ እሳቸውን አዩ። «እንግዲያው ወደ ውስጥ ፈቀቅ በል። ሰዎቹ ነገም ይፈልጉሃል» ብለው ሄዱ።

ስንወርድ፣ ይህ ሁሉ ድካም ምን እንደሚጠቅማቸው ጠየቅኋቸው። በትዕግሥት አስረዱኝ። ሰው መልእክቱን ሲከፍተው ከሥሩ ምልክት ይወጣል። «ካየው ደህና ነው ማለት ነው» አሉ። «እኔ በየቀኑ የሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ጤና እጠይቃለሁ። አንተ ስንት ሰው ትጠይቃለህ?»

እኔ እኮ እሳቸው የላኩትን ሳላነብ የአውራ ጣት ምልክት እየላክሁ ስድስት ዓመት የኖርኩ ሰው ነኝ።

ባለፈው ጥቅምት ኔትወርክ ጠፋ። ጋሽ ሰውአገኝ ሦስት ቀን እንደ ታመመ ሰው ሆኑ። ስልኩን ያጠፉታል፣ ያበሩታል፣ በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉታል። እትዬ ባንችይርጋ ጠበል ሊያስጠምቋቸው አስበው ነበር። በአራተኛው ቀን ጠዋት የእኔ በር ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ሰውአገኝ ናቸው።

«እንዴት አደርክ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው ጋሼ፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩ። ለተሰጠህ ቀን አመስግን ልልህ ነው።»

የሚያሳዩኝ ሥዕል ስላልያዙ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጨነቃቸው። ዞር ቢሉ ዓይናቸው ተራራው ላይ ዐረፈ። ፀሐይ ልትወጣ ነው። የአሸተን ጫፍ ዙሪያውን በብርሃን ተከፍፏል፤ ከሥሩ ያለው ገና ጥላ ነው፤ ከየጎጆው ቀጭን ጭስ ይወጣል። እስክትወጣ ድረስ ቆመው አዩዋት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» አሉኝ።

«ስድሳ ስድስት ዓመት የኖሩበትን አገር እኔን ይጠይቁኛል?»

«በሥራ ዘመኔ አየው ነበር መሰለኝ» አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ተመስገን» አሉ።

በዚያው ዕለት ሌላ ሁለት በር አንኳኩ። በሳምንት ውስጥ ሰፈሩን አዳረሱትና ብልባላ ለመሄድ ተነሡ። እዚያ ሀብተ ሥላሴ የሚባል የቀድሞ ባልደረባቸው አለ፤ አሥራ አንድ ዓመት አንድ ጎጆ ተከራይተው አብረው ሠርተዋል። እኔም አብሬ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለዚህ ለምጽፍበት ዓምድ የሚያስቅ ነገር ፍለጋ ነው።

ከመኪና ወርደን ቀሪውን በእግር ተጓዝን። የመንገዱ ግራና ቀኝ የደረሰ ገብስ ነበር። ጋሽ ሰውአገኝ በየማሳው ዳር ይቆማሉ፤ ዛላውን በመዳፋቸው ያሻሉ፣ እፍ ብለው ፍሬውን ያሳዩኛል። ይኸኛው ለቆሎ፣ ያኛው ለጠላ፣ ያ ደግሞ ውርጭ የማይበግረው ነው ይሉኛል። ስድስት ዓመት ጎረቤታቸው ሆኜ ይህን ሁሉ እንደሚያውቁ አላውቅም ነበር።

ከቤቱ ስንደርስ የሀብተ ሥላሴ ልጅ ሰብሌ ወጣች። ጥቁር ለብሳለች።

«ሰብሌ፣ አባትሽ አለ?»

«ጋሽ ሰውአገኝ፣ አባቴ እኮ ዐረፈ። ሰባት ወሩ።»

«የለም፣ የለም። ኔትወርኩ ሳይጠፋ የላክሁለትን አይቶታል።»

«የምከፍተው እኔ ነኝ» አለች።

በእኛ አገር የወዳጁን ቀብር ያልደረሰ ሰው ራሱን ይቅር ለማለት ይቸገራል። ጋሽ ሰውአገኝ ከደጁ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው አለቀሱ። ሰብሌ አላባበለቻቸውም፤ አጠገባቸው ተቀምጣ አብራቸው አለቀሰች። እኔ ገብሱን ሳይ ቆየሁ። ልስቅ የመጣሁ ሰው ሌላ የማየው አልነበረኝም።

ሲረጋጉ ውኃ አመጣችልን። «ስልኩን መዝጋት አቃተኝ» አለች። «እርስዎ በየጠዋቱ ሲልኩ ሰው ያልረሳው ይመስለኛል። በመጨረሻው ጊዜ ዓይኑ ደክሞ ነበር፤ የማነብለት እኔ ነበርኩ። ‹ሰውአገኝ ዛሬ ምን ላከ?› ይለኛል። አበባ ነው ስለው፣ ‹እንግዲያው ጤና ነው› ይላል።»

«መቼ ይመጣል አላለም?»

«ብሏል» አለች ሰብሌ።

መቃብሩ ዘንድ ወሰደችን። ጋሽ ሰውአገኝ ብዙ ቆሙ፤ ምን እንዳሉት አልሰማሁም። ስንመለስ ግማሹን መንገድ ማሳ ዳር ሳይቆሙ ሄዱ። ከዚያ፣ «ሁለት መቶ አሥራ አንድ ቀሩኝ» አሉ። «እነሱን እንኳ በቁማቸው ላግኛቸው።»

ይኸው ሆነ ሥራቸው። አንድ ቀን ኩልመስክ፣ አንድ ቀን እዚሁ ሰፈር። ያኮረፉትን ያስታርቃሉ፣ የታመመ ይጠይቃሉ፣ የገብስ ዘር ይዘው ይመለሳሉ። ፊታቸውን ፀሐይ አጠቆረው፤ እትዬ ባንችይርጋ ግን ወዛቸው ተመለሰ ይላሉ።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ኔትወርክ መጣ። የዚያን ዕለት ጠዋት ሳልቀሰቀስ ነቃሁ። ስልኬ ዝም፤ በሩም ዝም። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ሁለት ሰዓት ሆነ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የቅንጭቡን አጥር ዞሬ ቤታቸው ገባሁ።

ጋሽ ሰውአገኝ መደብ ላይ ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ለብ ባለ የጨው ውኃ ውስጥ ነው። ጉልበታቸው አብጧል።

«እኔ ስነግረው አልሰማ ያለውን ጉልበቱ ነገረችው» አሉ እትዬ ባንችይርጋ።

«ኔትወርክ እኮ መጥቷል ጋሼ» አልኩ።

«ዐውቃለሁ። ለሰብሌ ልኬያለሁ። ለሌላው በእግር ነው።» ከጋቢያቸው ሥር ስም የተጻፈበት ወረቀት አወጡ። «ዛሬ አንተ ሂድልኝ። ከእማሆይ አመተ ጊዮርጊስ ጀምር። ጆሯቸው ደከም ብሏል፤ ቀረብ ብለህ ተናገር።»

እምቢ ማለት ይቻል ነበር፤ ሥራ አለኝ ማለት ይቻል ነበር። ሄድኩ። እማሆይ ዳቦ ቆርሰው አስቀመጡኝና የጣሪያቸውን ማፍሰስ ነገሩኝ። በሁለተኛው ቤት የልጅ ክርስትና ተጠራሁ። በሦስተኛው የአጥር ሙግት ዳኘሁ። በአራተኛው ቤት ምሳ ሳትበላ አትወጣም ተባልኩ። ፀሐይ አናቴ ላይ ስትደርስ በኀፍረት ተመለስኩ።

ጋሽ ሰውአገኝ ስለ እያንዳንዱ ቤት ጠየቁኝ። የእማሆይ ሳል ተሽሏቸዋል? ክርስትናው መቼ ነው? የሚገርመው፣ ሁሉንም መመለስ ቻልኩ።

«ስንት ቤት ደረስክ?»

«አራት።»

«እኔ በመጀመሪያው ቀን ሦስት ነበርኩ» አሉና ወረቀቱን መልሰው በእጄ አስጨበጡኝ። «ነገ ከአምስተኛው ቀጥል።»

ይህን የምጽፈው በዚያው ዕለት ምሽት ነው። ነገ ጠዋት በጊዜ መነሣት አለብኝ፤ እውነቱን ልናገርና፣ እስኪነጋ ቸኩያለሁ።