ኡስታዝ ሙደሲር እና ወደ ግራ የዞረው ቀስት

የባለቤቴን ሞት የሰማሁት ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ለማድረቅ ባሚያ ስከትፍ ነው። ወንድሙ ዓወድ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ዓወድ ሳያንኳኳ ገብቶ አያውቅም።

«ኦምዱርማን ላይ፣ ፈተና ሲያርም፣ ወንበሩ ላይ እንዳለ አረፈ» አለኝ። ከዚያም «የአንድ ተማሪ ወረቀት ላይ ዜሮ ብዬ አልፈርምም ብሎ ሲከራከር ነበር አሉ» ብሎ ጨመረ።

ቢላውን አስቀመጥኩ። ሞቱን ማመን አቃተኝ፤ ክርክሩን ግን ወዲያው አመንኩ።

በየከተማው አንድ የኬሚስትሪ አስተማሪ አለ፤ እናንተም ከተማ አለ። ሌላው መምህር ደወል ሲደወል ሥራው ያልቃል። የታሪክ መምህር ነገሥታቱን ክፍል ውስጥ ትቷቸው ይወጣል። የኬሚስትሪው ግን ማረፊያ የለውም፤ ዓለም በሙሉ እሱን ሳታስፈቅድ ስትዋሃድና ስትፈርስ ትውላለች፣ አንድ ሰው ደግሞ መቆጣጠር አለበት። አትባራ ውስጥ ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክቡር ኡስታዝ ሙደሲር ነበሩ። እኔ ደግሞ ሚስታቸው ነበርኩ።

ጠዋት ሻዩ ላይ ስኳር ጨምሬ ሳማስል ይጀምራል።

«ምን ተፈጠረ?»

«ሻይ ጣፈጠ።»

«ምንም አልተፈጠረም! ስኳሩ ስኳር ነው፣ ውሃውም ውሃ ነው። ተደባለቁ እንጂ አልተዋሃዱም።»

«እንግዲያው አትጠጣው።»

ይጠጣዋል። ሁለተኛም ይጠይቃል።

የግቢያችን የብረት በር ዝጎ ቀለም ቀባው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩት። አንድ ቀን ቀለም ይዞ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ተማሪዎቹን በሙሉ ይዞ መጣ። በሩ ፊት አሰልፎ «ብረትና ኦክስጅን ሲዋሃዱ ያለ ክፍያ እያሳዩን፣ እመቤቲቱ ቀለም ቀብተህ ሸፍናቸው ትለኛለች» አላቸው። ልጆቹ ዞር ብለው እንደ ወንጀለኛ አዩኝ።

ሲያስተምር ግን ለሰው ይገባ ነበር፤ ይህን የሚክደው የለም። አትባራ የባቡር ከተማ ስለሆነች ትምህርቱን ሁሉ በባቡር ነው የሚያስረዳው። ሁለት ፉርጎ ሲቀጣጠል መዋሃድ ነው። አንዱ ተለያይቶ ሁለት ሲሆን መፍረስ ነው። ጉልበተኛው ባቡር መጥቶ ደካማውን ነቅሎ ፉርጎውን ይዞ ሲሄድ መተካት ነው። ሁለት ባቡሮች ጣቢያ ላይ ተገናኝተው ፉርጎ ሲለዋወጡ ደግሞ መተካካት ነው። «በመንገድ ላይ የሚጠፋ ፉርጎ የለም!» ይላል ጠረጴዛውን እየመታ። «የገባውን ቁጠር፣ የወጣውን ቁጠር!» ይህችን ቃል ለሥጋ ሻጩም፣ ሰርግ ላይ ለሙሽራው አባትም ብሏታል።

የበረኪናውን ነገር ግን ሰፈሩ እስከ ዛሬ ይቅር አላለውም። ጎረቤታችን ሐጃ በቱል መታጠቢያ ቤቷን ስታጥብ በረኪና ላይ አሲድ ደፋችበት። ክቡር ኡስታዝ ጠረኑ አፍንጫቸው ሲደርስ ገላቸውን እየታጠቡ ነበር። በፎጣ ብቻ ወጥተው «ክሎሪን! ውጡ!» እያሉ መንገዱን ሙሉ ሰው አስወጡ፤ አራሷም ከነልጇ ወጣች።

«እኛ መታጠቢያ ቤት ስናጥብ አንተ ጦርነት ታውጃለህ» አለችው ሐጃ በቱል እያሳለች።

«ሐጃ፣ እንዲህ ማሳል ከቻልሽ ድነሻል» አላት። ከዚያ በፎጣው እንደሆነ ከሰል አንስቶ፣ በሯ ላይ ምን ከምን ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚወጣ እኩልታውን ጻፈላት። እሷ ማንበብ አትችልም። ግን አላጠፋችውም።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ለማትሪክ እርማት ኦምዱርማን የሄደው። ከሄደ በኋላ በስልክ «አንድ ልጅ አግኝቻለሁ» አለኝ።

«የማን ልጅ?»

«ምን አውቄ! ስሙ ታሽጓል። ወንድ ይሁን ሴት አላውቅም።»

እኛ በዓረብኛ የምንጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የኬሚስትሪ እኩልታ ሲመጣ ግን እጃችንን አዙረን ከግራ መጀመር አለብን። ያ ልጅ አላዞረም። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ምን ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ፣ እንደ ለመደው ከቀኝ ጀመረ፦

CaO + CO₂ ← CaCO₃

የቀሩትንም እኩልታዎች ሁሉ እንዲሁ። የአራሚዎቹ ኃላፊ ኡስታዝ ሸረፈዲን መመሪያውን አወጣ፤ እኩልታ ከግራ ወደ ቀኝ ይጻፋል ይላል። ስለዚህ ለጥያቄው በሙሉ ዜሮ። ያለዚያ ጥያቄ ደግሞ ልጁ ይወድቃል።

«ቀስቱን ረስቶት ቢሆን ዜሮውን ራሴ እሰጠው ነበር» አለኝ ሙደሲር። «ግን ቀስቱን አብሮ አዞረው! ድንጋዩ ገባ፣ ኖራው ወጣ። የጠፋ ፉርጎ የለም።»

«ታዲያ መቼ ትመጣለህ?»

«እሱ ሲያልፍ።»

አስከሬኑ በባቡር መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የማይታወቅ ሰው ሞላ፤ የሲሚንቶ ፋብሪካው ሰዎች፣ ከፖርት ሱዳን ድረስ የመጣ መድኃኒት ቀማሚ፣ ነርሶች። ሁሉም ተማሪዎቹ ናቸው። እያለቀሱ «የገባውን ቁጠር» የምትለዋን ይደግሟታል። እኔ ነጭ ለብሼ ሒብስ ገብቻለሁ፤ የሐዘኑ ወራት እስኪያልቅ ከቤት አልወጣም፣ ባዕድ ወንድ ደግሞ ፊቴን አያይም።

ኡስታዝ ሸረፈዲንም መጣ። ለሟቹ ፋቲሐ አንብቦ ወደ ክፍሌ በር ቀረበና ከበሩ ወዲያ ሆኖ አናገረኝ።

«ኡም ሰልማ፣ አላህ ያጽናዎት። ኡስታዝ የሁላችን ወንድም ነበር።»

«አሜን። ወረቀቱስ?»

«የትኛው ወረቀት?»

«ያውቁታል።»

ሐጃ በቱል ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ሰውየው ሊያጽናናሽ ቢመጣ ትፈትኚዋለሽ?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ለብቻው ተቀምጧል» አለ ኡስታዝ ሸረፈዲን። «ግን መመሪያ ነው፤ ዛሬ ለአንዱ ብንፈቅድ ነገ ሁሉም በፈለገው በኩል ይጽፋል።»

«ቀስቱን በትክክል ካዞረ ምን ቸገረዎት? የጣቢያ ሹም ባቡሩ ከቀኝ መጣ ከግራ ብሎ ይጣላል? ከየት ተነሣ፣ የት ደረሰ፣ ምን ጎደለ ነው የሚለው።» ድምፄ ከፍ ማለቱን ያወቅሁት አብረውኝ የተቀመጡት ሴቶች ዞረው ሲያዩኝ ነው። «አንድ ካልሲየም ገባ፣ አንድ ወጣ። አንድ ካርቦን ገባ፣ አንድ ወጣ። ሦስት ኦክስጅን ገባ፤ አንዱ ከኖራው፣ ሁለቱ ከጋዙ ጋር ወጡ። የጎደለ ካለ ይንገሩኝ።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች ሐጃ በቱል። «ይሄ ነገር አንቺንም ይዞሻል ለካ!»

ከበሩ ወዲያ ሳል ተሰማ። ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለየሁትም።

«ኡስታዝ በደንብ አስተምሮዎታል» አለ።

«አላስተማረኝም። ሻይ ሳፈላለት ነው የኖርኩት።»

ይህን ስል ኮራሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም በል ስለው የነበረውን ሰው ቃል፣ አንዲት ፊደል ሳልስት፣ ሐዘን ላይ ቁጭ ብዬ ተናገርኩለት። እሱ ቢሰማ ኖሮ የኦክስጅኑን ቁጥር ድገሚው ይለኝ ነበር።

ኡስታዝ ሸረፈዲን «የጎደለ የለም» አለ በዝግታ። «ለፈተና ኮሚቴው አቀርበዋለሁ።»

ዓወድ እየደወለ ይጠይቃል፤ ኮሚቴው ገና አልተሰበሰበም ይሉታል። ውጤት የሚወጣበት ጊዜ ደርሷል። እኔ ሒብሴን ሳልጨርስ ኦምዱርማን መሄድ አልችልም። የዚያ ልጅ ጥያቄ እስካሁን ማርክ አልተሰጠውም።