ጥቁር ልብሴ እና የመርሳ ሰው

ጥቁር የለበሰ ሰው አይቶ ዝም ብሎ ማለፍ የማይችል ሕዝብ ቢኖር የእኛ የመርሳ ከተማ ሕዝብ ነው። "ማን ሞተብሽ?" ሳይል አያልፍም። ማንም አልሞተብኝም ስትሉት ደግሞ ይቀየማል። ሊያለቅስላችሁ ተዘጋጅቶ የመጣን ሰው በባዶ መሸኘት ነውር ነዋ!

እኔ ጥቁር የምለብሰው ለኢሞ ነበር። ኢሞ በጊታር ታጅቦ "ልቤ ተሰበረ፣ ማንም አልተረዳኝም" እያለ የሚጮህ የፈረንጅ ሙዚቃ ነው። ወዳጆቹ ጥቁር ይለብሳሉ፣ ይኳላሉ፣ ፀጉራቸውን አንድ ዓይናቸው ላይ ይደፋሉ። ይህን በሽታ ያጋባብኝ ወልድያ አብረን ስንማር የተዋወቅነው ከማል የሚባል ጊታር የሚጫወት የውርጌሳ ልጅ ነው። ከእሱ የቀረበ ጓደኛ አልነበረኝም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘነቡ ትዝታ ከፍተው ዓይናቸው እስኪያብጥ የሚያለቅሱ ሴት ናቸው። እሳቸው ናቸው እንግዲህ "ልጄ፣ እንዲህ ያለ የሚያስለቅስ ዘፈን ምን ይሠራልሻል?" የሚሉኝ! በአምባሰል ሲተክዝ የኖረ አገር ሐዘን በጊታር ሲመጣበት ለምን ይደነግጣል? ፊት ለፊቴ ጨርቅ የሚሸጡት ሐጅ ይመርም ከማልን አይተው "ወንድ ልጅ እንዲህ ይኳላል?" ብለው ተቆጡ። የተቆጡት ኩል ያጠቆረውን ዓይናቸውን አፍጥጠው ነው።

ሥራዬ ስልክ መጠገንና ሚሞሪ ላይ ዘፈን መጫን ነው። አምባሰል ጫኝልኝ ላለኝ ሁሉ መሐሉ ላይ አንድ ኢሞ ሸጎጥ አደርግለት ነበር። የባጃጅ ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሰደቡኝ፤ ኋላ ግን "ያንን የሚጮኸውን ጨምሪልኝ" የሚሉ በዙ። ለከማል ስነግረው በሳቅ ፈነዳ። "በቃ፣ ሐብሩን ያዝናት!" አለ፣ ወረዳችንን ማለቱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ በመሣሪያ የሚይዟት መጡ። ሱቄ ተዘረፈ፤ መብራትም ኔትወርክም ጠፋ። ከማልን ውርጌሳ ደጃፉ ላይ እንደቆመ ከባድ መሣሪያ ገደለው። ማን እንደተኮሰ የሚነግረኝ የለም፤ ሁሉም የሚያውቀው የሌላውን ጥፋት ብቻ ነው። መንገዱ ዝግ ስለነበር መርዶው ዘግይቶ ደረሰኝ፤ ቀብሩ ላይ እንኳ አልደረስኩም። ተናደድኩ። ዛሬም እንደተናደድኩ ነኝ። ጊታር ይዞ ከመጮህ በቀር ማንንም ያልነካ ልጅ!

ጥቁሬን ለብሼ ደጄ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ሳይሞትብኝ ሲያጽናናኝ የኖረው ሕዝብ ግን ዝም ብሎ አለፈኝ! በአዘቦት ቀን "አላህ ሰብሩን ይስጥሽ" ሲሉኝ የነበሩት ሐጅ ይመር ቀና ብለው አላዩኝም። እትዬ ዘነቡም ወደ ሌላ ሰው ለቅሶ እየተጣደፉ "ደህና ዋልሽ?" ብለውኝ አለፉ። ምን ያድርጉ? በየቤቱ ሞት አለ፤ እኔ ደግሞ ዘወትር ጥቁር ለባሽ ነኝ። ታዲያ በየቤቱ እየዞርኩ "ሞቶብኛልና አልቅሱልኝ" ልበል? ለቅሶ ይለመናል?

በማግስቱ እልህ ያዘኝ። ጥቁሩን ወረወርኩ፤ ኩሌን ታጠብኩ፤ ፀጉሬን ወደ ኋላ አሰርኩ። ለዘመድ ሰርግ ያሰፋሁትን ቢጫ ቀሚስ ለበስኩ። ይህንን አይተው "ምን ሆንሽ?" ካላሉኝ መቼም አይሉኝም ብዬ ወጣሁ።

እትዬ ዘነቡ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ቀጥ ብለው ቆሙ። እልል ሊሉ ሲሉ የጎረቤቱ ለቅሶ ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሐጅ ይመርም "አልሐምዱሊላህ!" እያሉ ከሱቃቸው ወጡ። እትዬ ዘነቡ ሮጠው መጥተው አቀፉኝ።

"እሰይ ልጄ! እንኳንም ከሐዘን አወጣሽ!"

ያን ጊዜ ነው እቅፋቸው ውስጥ ሆኜ የከማልን ስም እየጠራሁ የጮህኩት። እሳቸውም ጀርባዬን መታ መታ እያደረጉ፣ "ጎሽ፣ የደስታ እንባ ነው፤ ይውጣልሽ" አሉኝ።