ስለ ዘፈን የተቀመጥንበት ሽምግልና

በግ ሲሰረቅ በረቱ ይጎድላል። ዘፈን ሲሰረቅስ ምን ይጎድላል? ባለቤቱም ዘንድ አለ፣ በእኔም ፍላሽ ውስጥ አለ። እናንተም ብትሆኑ ከኢንተርኔት የወረደ ፊልም ቤተሰብ ሰብስባችሁ ስታዩ፣ የሰው በግ አርዳችሁ የበላችሁ አይመስላችሁም። ሕጉ ግን ሌብነት ነው ይላል፤ ያውም የሚያሳስር። ይህን ያወቅሁት በጎረቤቴ በጀማል ነው።

ጀማል አሰላ ባጃጅ ተራ አጠገብ፣ በጠባብ ሱቅ፣ ፊልምና ዘፈን እያወረደ ለሰው ፍላሽ ላይ ይጭን ነበር። አንድ የጎበሳ ከተማ ልጅ፣ ዘፋኝ ነው፣ «አልበሜ እኔ ሳላወጣው ጀማል ሱቅ ወጣ» ብሎ አመለከተ። ፖሊስ ኮምፒውተሩን ወሰደ፤ ጀማል በዋስ ተለቀቀ። ሚስቱ ዘኒት እያለቀሰች መጣች።

«አባባ፣ እርስዎ ያስታርቁልኝ። እሱ ከታሰረ ልጆቼን የት አደርሳቸዋለሁ?»

ሁለት ሽማግሌ ጨምሬ ጀማልን ይዘን ዘፋኙ ዘንድ ሄድን። በእኛ ዘንድ ጥፋተኛ ጥፋቱን ሁሉ ካልተናገረ ዕርቅ አይወርድም። ጀማል ግን ያድበሰብሳል።

«ወላሂ፣ ላንድ ለሁለት ሰው ብቻ ነው የጫንኩት።»

«ተው እንጂ!» አለ ዘፋኙ። «የራሴ ሠርግ ላይ የተከፈተው ዘፈኔ ካንተ ሱቅ የተጫነ ነው!»

«አውጣው፣ ልጄ» አልኩት። «የተደበቀ ጥፋት አይታረቅም።»

አወጣው። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ያለ ፈቃድ፣ የእሱን ብቻ ሳይሆን የስንቱን፤ ስም በስም። ዘፋኙ ሳቀና ተነሥቶ አቀፈው። መረቅናቸው።

ፈሪ ውሃ ውስጥ ያልበዋል ይባል የለ? ነገ አንዳቸው ቃሉን ቢያጥፍስ ብዬ፣ የተባለውን አንድ ሳላስቀር በሁለት ቅጂ ጻፍኩና አስፈረምኩ። አንዱ ለዘፋኙ፣ አንዱ ለእኔ። በማግሥቱ፣ ዕርቁን ሲያዩ መዝገቡን ይዘጉታል ብዬ፣ ለማንም ሳልናገር የእኔን ቅጂ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ወሰድኩት።

ዐቃቤ ሕጓ ቀስ ብለው አነበቡት።

«አባባ፣ ይቅር ያለው አንድ ሰው ነው። እዚህ የተጻፉት ግን ብዙ ናቸው። እስከ ዛሬ ማስረጃችን ሳስቶ ነበር።»

«እንግዲያው ይመልሱልኝ።»

«ገብቷል እኮ» አሉ፣ መዝገቡን እየዘጉ።

ችሎት ላይ ተነበበ። ሁለት ዓመት ተፈረደበት።

ዘኒት ወረቀቱን አሳልፎ የሰጠው ዘፋኙ ይመስላታል። በየሳምንቱ ማረሚያ ቤት ስንቅ ስታደርስ አብሬያት እሄዳለሁ። በሩ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ትረግመዋለች።

«አቅፎ የሸጠውን ሰውዬ ድምፁን ይዝጋው! አባባ፣ አሜን ይበሉ እንጂ።»

አሜን እላለሁ።